«ጨዋ» ስንል ማንን ማለታችን ነው?

ቤት የምታከራይ ሴት ደላላው ተከራይ ሲያመጣላት መጀመሪያ «ጨዋ ነው?» ብላ ነው የምትጠይቀው። ደላላው «ኧረ በጣም ጨዋ ልጅ ነው፣ መኖሩም አይታወቅ» ይላታል። ተስማሙ። የተስማሙት ግን በቃሉ ነው እንጂ በትርጉሙ አይደለም። እሷ ጨዋ ስትል ኪራዩን በጊዜው የሚከፍል፣ በሌሊት በር የማይደበድብ፣ ከጎረቤት የማይጣላ ሰው ማለቷ ነው። እሱ ደግሞ ዝምተኛ መሆኑን ነው የነገራት። ዝምታና ኪራይ መክፈል ምንም አያገናኛቸውም።

ይሄ ቃል እንዲህ ነው። ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ሁላችንም እንፈርድበታለን፣ ግን ቀረብ ብለን ስናየው ውስጡ አራት አምስት ትርጉም ተደራርቦ እናገኛለን። አንዳንዱ የሚያኮራ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ሰው የተገፋበት ነው። እኔ ይሄን ማብራሪያ የምጽፈው ቃሉን ስለምወደው ነው። ስለምወደውም ሰውን ዝም ለማሰኛ ሲውል ያናድደኛል።

ዛሬ ከሁሉ በፊት ጆሯችን ውስጥ የሚገባው ትርጉም ጸባይን የሚመለከተው ነው። ጨዋ ማለት ሥርዓት ያለው፣ አፉን የሚጠብቅ፣ ሰውን የሚያከብር ማለት ነው። ተቃራኒው ባለጌ ነው። ባለጌን ደግሞ ስድ አደግ፣ አሳዳጊ የበደለው እያልን እናብራራዋለን። «በጨዋ ደንብ ተነጋገሩ» ሲባል ሳትሰዳደቡ፣ ሳትጯጯሁ ማለት ነው። በኳስ ሜዳ «ስፖርታዊ ጨዋነት» የሚባለው ዳኛን አለመሳደብ፣ ተጫዋችን አለመጥለፍ፣ ተሸንፎም ተቃራኒን መጨበጥ ነው። እዚህ ላይ ማንም ሰው የተጫዋቹን አያት አይጠይቅም። ያየነው ሜዳ ላይ ያደረገውን ነው።

ቃሉ በራስ አፍ ሲነገር ግን ጠባዩ ይለወጣል። ሰው ስለ ራሱ «ጨዋ ነኝ» የሚለው በሰላሙ ቀን አይደለም፣ ጠብ ውስጥ ነው። «ጨዋነቴ ይዞኝ ነው እንጂ አሳይህ ነበር» ይላል። «እኔ የጨዋ ልጅ ነኝ፣ ከአንተ ጋር አልካሰስም» ይላል። ልብ በሉ፣ ይሄ ሰው ጸባዩን እየገለጸ አይደለም፣ ደረጃውን እያስታወሰ ነው። እኔ ከላይ ነኝ፣ አንተ ከታች ነህ እያለው ነው። ይሄ የቃሉ አሮጌ ትርጉም ነው፣ ስንናደድ ብቅ ይላል።

አሮጌውን ትርጉም ከአዲሱ የምትለየው አንዲት ፊደል ናት። «ጨዋ ልጅ» ካልን ልጁን ነው ያመሰገንነው። «የጨዋ ልጅ» ካልን ግን ያመሰገንነው ወላጆቹን ነው፣ ልጁ ገና ምንም አላደረገም። መንገድ ላይ ሲሳደብ የተገኘ ልጅ ጨዋ ልጅ አይባልም፣ የጨዋ ልጅ ግን ሊባል ይችላል። «የጨዋ ልጅ ሆኖ እንዲህ ይሆናል?» እየተባለ ይታዘንለታል። ያንኑ ስድብ የተሳደበው ከጎኑ ያለው ልጅ፣ ቤተሰቡ የማይታወቅ ከሆነ፣ ማንም አያዝንለትም። «ድሮስ ከማን ሊማር?» ይባላል። ጥፋታቸው አንድ ነው። የተለያየው ከኋላቸው የቆመው ስም ነው።

የቤተሰብ ስም እንዲህ ከባድ የሆነው ከየት መጣ ካልን ወደ ኋላ ብዙ መሄድ አለብን። በመካከለኛው ዘመን በነገሥታቱ ታሪክ ውስጥ ጨዋ የሚባለው ወታደር ነው። አንድ ሁለት ሰው አይደለም፣ ስም ያለው፣ አለቃ ያለው፣ በንጉሡ ትእዛዝ በየጠረፉ የሚሰፍር የጦር ክፍል ነው። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጨዋ የሚባሉትን ጭፍሮች በየግዛቱ በማስፈር ይታወቃሉ። የሰፈረው ጭፍራ መተዳደሪያ መሬት ይሰጠዋል፣ ወይም የአካባቢው ገበሬ ያበላዋል። ጠረፍ ይጠብቃል፣ ግብር ያስከብራል፣ ንጉሡ ሲዘምት ይዘምታል። በ1521 ዓ.ም. ሽምብራ ኩሬ ላይ የተጀመረውና እስከ 1535 የዘለቀው የኢማም አሕመድ (የግራኝ) ጦርነት ይሄን አሠራር ክፉኛ ሰባበረው።

በዚያው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ የጻፉት አባ ባሕርይ የሚባሉ መነኩሴ አገሪቱ በዘመናቸው በኦሮሞ ጦር ለምን እንደምትሸነፍ ሲመረምሩ ኅብረተሰቡን በአሥር ክፍል ከፍለው አስቀምጠውታል። መነኩሴው፣ ደብተራው፣ ገበሬው፣ ነጋዴው፣ ባለ እጁ፣ አዝማሪው እያሉ ዘጠኙን ይዘረዝሩና ዘጠኙም አይዋጉም ይላሉ። ጋሻና ጦር የሚይዘው አሥረኛው ብቻ ነው። ይሄን አስቡት። አብዛኛው ሰው በማይዋጋበት አገር የሚዋጋው ሰው ልዩ ሰው ነው። መሬት ያገኛል፣ ሹመት ያገኛል፣ ልጆቹ ያንን ይዘው ያድጋሉ። ጥቂት ትውልድ ሲያልፍ ጋሻው ግድግዳ ላይ ይሰቀልና ክብሩ ለዘር ይተላለፋል። ወታደርነቱ ተረስቶ «ጥሩ ቤተሰብ» የሚለው ቀረ።

ጨዋ ከወታደርነት ወደ ዘር የተሻገረው በዚህ መንገድ ይመስለኛል። ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ግን «ጥሩ ዘር» አለ ማለት «መጥፎ ዘር» የሚባልም አለ ማለት ነው።

የጨዋ ተቃራኒ ሁልጊዜ ባለጌ አልነበረም። ረጅም ዘመን ተቃራኒው ባሪያ ነበር። ጨዋ ማለት ነፃ የተወለደ፣ ማንም ያልገዛው፣ ማንም የማይሸጠው ሰው ነው። በባርነት የተያዘው ሰው የቱንም ያህል ታማኝ፣ የቱንም ያህል ትሑትና ደግ ቢሆን ጨዋ አይባልም ነበር። ጌታው ሰካራምና ጨካኝ ቢሆንም ጨዋ ነው። ባርነት በሕግ ጨርሶ የተከለከለው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው። ሩቅ አይደለም፣ የአያቶቻችን ዕድሜ ነው። በሕግ ቢቀርም በሰሜን አንዳንድ አካባቢ ጨዋና ባሪያ የሚለው ልዩነት በጋብቻና በቀብር ጊዜ እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ሲነሳ ኖሯል። ልጅ ለመስጠት ሲታሰብ አጥንት ይቆጠራል። ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም፣ በጆሮ ሹክ ይባላል። ሠርጉ ሳይታወቅ ይቀራል።

ባለ እጆችም እንዲሁ ከጨዋ አይቆጠሩም ነበር። ማረሻውን የሚሠራው ቀጥቃጭ፣ ጋቢውን የሚሸምነው ሸማኔ፣ እንስራውን የምትሠራው ሸክላ ሠሪ፣ ቆዳውን የሚያለፋው ፋቂ ቡዳ እየተባሉ ይፈሩና ይገፉ ነበር። ማረሻው ባይኖር ያ ሁሉ ጨዋ የሚበላው እህል አይኖርም። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ነገሩ አሳስቧቸው በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር አዋጅ አስነግረዋል። ብረት ሠሪው፣ ሸማኔው፣ ጸሐፊው ሳይቀር በሙያው እየተሰደበ አገር እንዴት ይለማል የሚል ነው ሐሳቡ። አዋጁ ወጣ፣ ስድቡ ግን በአዋጅ አልጠፋም። አንድ ንጉሥ ይሄን በአዋጅ መከልከል ካስፈለገው ስድቡ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደነበር መገመት አይከብድም።

በመሃል አንድ ነገር ላንሳ። በቤተ ክህነት ሰዎች አነጋገር ጨዋ ሌላ ነው። ክህነት የሌለው፣ ዜማውንም ቅኔውንም ያልዘለቀ ምእመን ጨዋ ይባላል። የቅኔ መምህር ስለ አንድ ሰው «እሱ ጨዋ ነው» ቢሉ ጸባዩን ማመስገናቸው ላይሆን ይችላል። አልተማረም ማለታቸው ነው። የድሮ ጽሑፍ የምታነቡ ሰዎች ይሄን ያዙ፣ አለበለዚያ አንቀጹ ይዞራችኋል። ለእኔ የሚገባኝ፣ ጋሻ የያዘውና መጽሐፍ የያዘው ሁለት የተለያየ ሰው ስለነበሩ አንደኛው የሌላው ተቃራኒ ሆኖ የቀረ ነው።

ከጨዋ ጎን የሚቆመው ሌላው ቃል ባላባት ነው። ባለ አባት ማለት ነው፣ አባት ያለው። እንግዲህ ሁሉም ሰው አባት አለው። ቃሉ የሚለው ግን የሚታወቅ፣ የሚጠራ፣ ስሙ ሲነሳ መሬት አብሮ የሚነሳ አባት ያለው ነው። ባላባት የሚለውን ቃል ዛሬ የምንሰማው በታሪክ ትምህርት ነው። በደቡቡ ግዛት የየአካባቢው ባላባት በሕዝቡና በማዕከላዊው መንግሥት መካከል ቆሞ፣ ግብር እያስገባ፣ ለራሱም መሬት እየያዘ የኖረ ሰው ነው። ሥርዓቱ በየካቲት 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ፈርሷል።

የቃሉ ሐሳብ ግን አልፈረሰም። ማረጋገጫው «ሴት ያሳደገችው» የሚለው ስድባችን ነው። ሰው ሥርዓት ሲያጎድል «ሴት ያሳደገችው ነው» ይባላል። ወፍ ዘራሽ ይባላል። አባት የለውም፣ ስለዚህ የሚያርመው የለም፣ ስለዚህ ባለጌ ነው። እኔ ከአማርኛ ስድብ ሁሉ የምጠላው ይሄን ነው። ባሏ ሞቶባት ወይም ጥሏት ሄዶ፣ ቀን የሰው ልብስ አጥባ፣ ማታ እንጀራ ጋግራ ሸጣ፣ ልጇን ቁጭ ብሎ እንዲያጠና፣ ለታላቅ እንዲነሳ፣ ያልሰጡትን እንዳይነካ አድርጋ ያሳደገች እናት ስንት አለች? ልጇ አንድ ቀን ከሰው ሲጋጭ የእሷ ልፋት ስድብ ይሆናል። አባትየው የሄደ ዕለት ያደረገው ነገር ግን ስድብ ተፈጥሮለት አያውቅም።

ስለ ማዕረግ ስሞችም ትንሽ ልበል፤ ምክንያቱም «መኳንንት» ሲባል ብዙ ሰው ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ነገር ይመስለዋል። በአብዛኛው እንደዚያ አልነበረም። መሳፍንት የሚባሉት ከንጉሥ ዘር የሚቆጠሩት ናቸው። መኳንንት ግን ሹመኞች ናቸው። መኮንን የሚለው ቃል ራሱ ገዥና ፈራጅ ማለት ነው፣ ኩነኔም ከዚያው ይወጣል፣ ዛሬም የፖሊስና የጦር መኮንን እንላለን። ስሞቹን ፈታ አድርጋችሁ እዩዋቸው። ደጃዝማች የደጅ አዝማች ነው። ቀኛዝማች የቀኙ፣ ግራዝማች የግራው። ፊታውራሪ ከፊት የሚሄደው። ባላምባራስ የአምባ አለቃ። ነጋድራስ የነጋዴዎች አለቃ። ሁሉም የሥራ ስም ነው፣ አብዛኞቹም በዘመቻ ላይ የት እንደምትቆም የሚናገሩ ናቸው። ንጉሡ ይሾማል፣ ንጉሡ ይሽራል። ሹም ሽር የሚለው ከዚህ ነው የመጣው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው መጥፎ ተረትም ከዚሁ ነው፣ ሹመት እንደማይቆይ ሁሉም ያውቅ ነበርና።

ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው የመጡ ሰው ናቸው። የጦር ሚኒስትር ሆነዋል፣ በፍርድ አዋቂነታቸውም ስማቸው እስከ ዛሬ ይነሳል። የአድዋው ደጃዝማች ባልቻም እንዲሁ በልጅነታቸው ምርኮኛ ነበሩ። አጥንት ቢቆጠር ሁለቱም ከመኳንንቱ አዳራሽ አይገቡም ነበር። «ዘር ከልጓም ይስባል» እያለ የሚተርት አገር እነዚህን ሁለት ሰዎች ከፍ አድርጎ ሾሟል፣ ከብዙ መኳንንት አስበልጦም ያስታውሳቸዋል።

ማዕረጎቹ ከዘውዱ ጋር ሄዱ። አንዳንዶቹ ግን ቀደም ብለው ወደ ሰፊው ሕዝብ ወርደው ስለነበር ተርፈዋል። ወይዘሮ በአንድ ዘመን የትልቅ ቤት ሴት፣ የመሳፍንት ልጅ መጠሪያ ነበር፤ ዛሬ ያገባች ሴት ሁሉ ወይዘሮ ናት፣ ቀበሌ ሄዳ ፎርም ስትሞላ ትጽፈዋለች። ክቡር ደግሞ ለሚኒስትሩ ቀርቶለታል። ከዚያው ከከበረ የወጣው ከበርቴ ግን በደርግ ዘመን ስድብና ወንጀል ሆኖ ነበር። የከበረ ድንጋይ፣ የከበረ ሰላምታ፣ ክቡር እንግዳ፣ ከበርቴ፤ ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፣ ዕጣቸው ግን ለየቅል ነው።

ጨዋ ግን አልተሻረም፣ አልተሰደበም። ለምን? መሬትም ሥልጣንም በአዋጅ ሲወሰድ ጨዋነት የሚወሰድ ነገር ሆኖ አልተገኘም። ያኔ ቃሉ ከዘር ወደ ጸባይ ብዙ መንገድ ሄዷል። ሀብቱን ያጣው የድሮ ባለ ርስትም፣ ትላንት ጭሰኛ የነበረውም ጨዋ ሊባሉ ይችሉ ነበር። ይሄ ትልቅ ለውጥ ነው። ለጥቂቶች ብቻ የነበረ ቃል በማንም ደጅ የሚቆም ሆነ።

ግን ቃል ሲወርድ ሁሉን ነገሩን ጥሎ አይወርድም። ጨዋ ይዞት የወረደው አንድ ነገር አለ፣ እሱም ለበላይ ማጎንበስ ነው። ዛሬ ቃሉ ክፉኛ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

መሥሪያ ቤት ውስጥ እንመልከት። ሁለት ልጆች አብረው ተቀጠሩ። አለቃው ማታ ማታ ያለ ክፍያ ያስመሻቸዋል። አንደኛዋ አንድ ቀን «ይቅርታ አቶ እገሌ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያው እንዴት ነው የሚታሰበው?» ብላ ጠየቀች። ድምጿን አልጨመረችም፣ «እርስዎ» ብላ ነው የጠየቀችው። ሌላኛዋ ዝም አለች። በማግስቱ አለቃው ዝም ያለችዋን በሰው ፊት «አንቺ እኮ ጨዋ ነሽ» አላት። ይሄ ምስጋና አይደለም። ለጠየቀችዋ የተላከ መልእክት ነው። መብትሽን ከጠየቅሽ ከጨዋነት ትወጫለሽ እያላት ነው። ዝም ያለችዋም ገብቷታል፣ ከዚያ ወዲያ እሷም መጠየቅ ይከብዳታል፤ ምክንያቱም ስሟን ልታጣ ነው።

በሴቶች ላይ ደግሞ ይብሳል። ጨዋ ሴት ሲባል በብዙ ሰው አእምሮ የሚመጣው አንገቷን የደፋች፣ ስትስቅ ጥርሷ የማይታይ፣ ሲጎነትሏት የማትመልስ ሴት ናት። ታክሲ ውስጥ አንዱ ሲነካካት «አንተ እጅህን ሰብስብ!» ያለች ልጅ ተሳፋሪው ዞሮ የሚያያት እሷን ነው። የነካት ሰው ጨዋነት አይጠየቅም። ያስጮኻት ነገር ተረስቶ ጩኸቷ ይመዘናል። ይሄን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ምክንያቱም ይሄ የአንድ ቀን ነገር አይደለም፣ በየቀኑ የሚሆን ነው።

ሕዝብንም እንዲሁ ጨዋ ይሉታል። «ጨዋው ሕዝባችን» የሚለውን ንግግር ስንት ጊዜ ሰምተናል? አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ሕዝቡ ችሎ የተቀመጠው ነገር ሲኖር ነው። መብራት ጠፍቶ የታገሰ ሕዝብ ጨዋ ነው። የጠየቀ ዕለት ሌላ ስም ይወጣለታል። ሕዝቡ ጨዋ አይደለም እያልኩ አይደለም። ነው። ጨዋነቱ ግን ለቅሶ ቤት ውስጥ፣ ዕድር ውስጥ፣ የማያውቀውን እንግዳ ሲያሳድር የሚታይ ነው እንጂ በመቻሉ ብቻ የሚለካ አይደለም።

እዚህ ላይ ጨዋነትንና ይሉኝታን መለየት ያስፈልጋል፣ ብዙ ጊዜ ይምታቱብናልና። ይሉኝታ ሰው ምን ይለኛል ነው። ይሉኝታ ክፉ አይደለም፣ ከብዙ ብልግና ያግደናል። ግን የሚሠራው የሚያይ ሰው ሲኖር ነው። ይሉኝታ የያዘው ሰው ብድር ሲጠየቅ የሌለውን ይሰጣል፣ ከዚያ ሲያማ ይከርማል። ጨዋ ሰው «አሁን አልችልም፣ ይቅርታ አድርግልኝ» ይላል፣ የጠየቀውንም ሰው ችግር ለማንም አይናገርም። የመጀመሪያው ሰጥቶ አዋረደ። ሁለተኛው ከልክሎ አከበረ። ገንዘቡን ብቻ ካየን የመጀመሪያው የተሻለ ይመስላል፣ ግን ተበዳሪውን ጠይቁት፣ ለማን እንደገና እንደሚሄድ ይነግራችኋል።

ታዲያ ጨዋን በምን እንለየው? እኔ የማየው አንድ ቦታ ነው። ምንም ሊያደርገው ከማይችል ሰው ጋር ሲሆን እንዴት ነው? ለሚሾመውና ለሚሽረውማ ማንም ጨዋ ነው።

ይሄን በየቀኑ የምናይበት ጥሩ መስኮት ቋንቋችን ራሱ ሰጥቶናል፣ አንተና እርስዎ። አንድ ሕንፃ በር ላይ ቁሙ። ሃያ አምስት ዓመት የሆነው ወጣት መኪናውን እየነዳ ይመጣል። ጥበቃው ስልሳ ያለፋቸው ሽማግሌ ናቸው፣ ጸጉራቸው ነጭ ነው። ወጣቱ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «አንተ፣ ክፈተው እንጂ!» ይላቸዋል። በሩን ይከፍታሉ፣ እጃቸውንም ለሰላምታ ያነሳሉ። ወጣቱ ፎቅ ላይ ሲወጣ ሠላሳ አምስት ዓመት የማይሞላውን ሥራ አስኪያጅ ያገኛል። «እንዴት አደሩ፣ እርስዎ እኮ አልተመቸዎትም፣ ይግቡ ይግቡ» ይላል። ይሄ ልጅ ሥርዓት አልተማረም እንዳንል «እርስዎ»ን ያውቀዋል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ በትክክል ተጠቅሞበታል። ያላወቀው አክብሮት ለማን እንደሚገባ ነው። ወይም አውቆ ነው የተወው።

በሌላ ቀን እዚያው በር ላይ አንዲት ሴት ትመጣለች። ከመኪናዋ ትወርዳለች። «አባባ፣ እንደምን ዋሉ፣ እባክዎ እዚህ ላቁመው ወይስ ያስቸግራል?» ትላለች። «ኧረ ግድ የለም ልጄ፣ ወደዚህ ጠጋ አድርጊው» ይሏታል። ይሄ ሁሉ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ወጪ የለውም። የማን ልጅ እንደሆነች አላውቅም፣ ማወቅም አያስፈልገኝም።

ተሳስቶ ሲገኝም ይለያል። የተሳሳተ ሰው ሁሉ ይቅርታ ይላል፣ ጨዋው ግን ለሚያንሰውም ይላል። ልጁን ያለ ጥፋቱ የቆጣ አባት «ተሳስቼ ነው፣ ይቅርታ» ሲለው፣ ተማሪዋን በስህተት ዜሮ የሰጠ መምህር ክፍሉ ፊት ሲያስተካክል፣ ደንበኛ ፊት አስተናጋጁን ያመናጨቀ ባለ ሆቴል ቆይቶ ጠርቶት «ቅድም አበዛሁት» ሲለው። እነዚህ ሰዎች ይቅርታ ባይሉ ማንም አይጠይቃቸውም ነበር።

ጨዋነት ማለት ፈጽሞ አለመቆጣት አይመስለኝም። ሽማግሌዎቻችን ይቆጣሉ። በሽምግልና የተቀመጠ አዋቂ ሰው «አይሆንም፣ እዚህ ላይ በድለሃል» ሲል ፊት አይቶ አይደለም። ድምፁ ሊጠነክርም ይችላል። ግን የበዳዩን እናት አያነሳም፣ ትላንት ስለ ሌላ ጉዳይ የሰማውን ምስጢር አያወጣም፣ ሲያስታርቅ ደግሞ መጀመሪያ የሚያስነሳው የበደለውን ነው። የተበዳይን ጉዳት አሳንሶ «ተው አንተ ትልቅ ሰው ነህ፣ እለፈው» ማለት ቀላሉ ሽምግልና ነው። ብዙ ጊዜ ጨዋ የምንለው ይሄን ቀላሉን ነው፣ የተበደለውም ሰው ይሄን ስም ላለማጣት ሲል ቂሙን ይዞ እጅ ይነሳል።

በአነጋገር ረገድ ምን እናድርግ የሚል ካለ፣ እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። «የጨዋ ልጅ» የሚለውን አልጠቀምም። ልጁ ጥሩ ከሆነ ጨዋ ልጅ ነው፣ ወላጆቹንም ማመስገን ከፈለግሁ «ጥሩ አድርጋችሁ አሳደጋችሁት» እላለሁ፤ ለአባትም፣ ለብቻዋ ላሳደገች እናትም። ዝም ያለን ሰው ዝምተኛ እለዋለሁ፣ ዓይን አፋር ከሆነም ዓይን አፋር። ቃሉ አለን፣ ጨዋን ከዚያ ላይ ማንሳት ነው። መብቱን በሥርዓት የጠየቀውን ሰው ደግሞ ሆን ብዬ፣ ሰው እየሰማ፣ ጨዋ ነው እላለሁ። መጀመሪያ ላይ ሰው ግር ይለዋል። «ተከራከረ እኮ» ይሉኛል። አዎ ተከራከረ፣ አልተሳደበም፣ አልዋሸም፣ የራሱ ያልሆነ ነገር አልጠየቀም።

ለልጆች ሲሆን የበለጠ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ብዙዎቻችን የትምህርት ቤት ካርዳችን ላይ ጸባይ የሚል መስመር ነበረን፣ እዚያ ላይ «ኤ» የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ድምፁ የማይሰማው ልጅ ነው። ልጁም ጨዋ ማለት መጥፋት እንደሆነ ተምሮ ያድጋል። ስለዚህ «ጨዋ ልጅ» ስንል ምክንያቱን አብረን እንንገራቸው። ወንድምሽ ሲወድቅ ስላልሳቅሽበት። ተራህን ጠብቀህ ስለጠየቅህ። አክስትህ የተናገሩት ልክ እንዳልሆነ «አይደለም እትዬ፣ እንዲህ ነው» ብለህ ስለነገርካቸው። ጨዋታ ላይ ማንም ያልመረጠውን ልጅ ወደ ቡድንህ ስለጠራኸው።